በስሜ የተቀዳ ደም

ልጅ ሳለሁ ከዒድ አስበልጬ የምወደው የደም ቀንን ነበር። ስሙን ያወጣሁለት እኔው ነኝ። በዚያን ቀን የጤና ሰዎች ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ የበረዶ ሳጥን አንጠልጥለው ወደ ግቢያችን ይመጡና ቤት ለቤት እየገቡ የልጆችን ጣት በስተው ደም ይወስዳሉ። የጎረቤት ልጆች ገና ከዋዜማው ያለቅሳሉ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሙናዊር ግን የዒድ ልብሳችንን ለብሰን፣ ሰዎቹ ሳይደርሱ በጓሮ በኩል እንወጣና ከአባታችን ጋር አብነት ጁስ ልንጠጣ እንሄዳለን።

አባዬ ሥራ ትቶ ከእኛ ጋር የሚውለው ያን ቀን ብቻ ነበር። ዒድ እንኳ ቢሆን ሶላቱን ሰግዶ፣ ሥጋ ቀምሶ ተመልሶ ወደ ሥራው፣ ወደ እሳቱ ይሄዳል። በደም ቀን ግን ቱታውን አውልቆ፣ ፂሙን አበጥሮ፣ ግራና ቀኝ እጃችንን ይዞ በጭድ ተራ ያሳብረናል። ጁስ ቤቱ ውስጥ አቮካዶና ማንጎ በትልቅ ብርጭቆ ተደራርቦ ይመጣልናል። ሙናዊር ሁልጊዜ ማንኪያው ይወድቅበታል፤ እጁ አይጸናም ነበር። አባዬ ሳይቆጣ ያነሳለትና በመሐረቡ ይጠርግለታል። «ጠጡ፣ ደም ይሆናችኋል» ይለናል።

እዚያ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ነበር። የሌሎች ልጆች አባቶች ልጆቻቸውን ጠፍንገው ለመርፌ ይይዛሉ፤ የእኔ አባት ግን መርፌ እንዳይነካኝ ሥራውን ጥሎ ያሸሸኛል። እንደ እኔ የተወደደች ልጅ በመርካቶ የለችም ብዬ አምን ነበር። ካደግኩ በኋላም ይህን እምነት አልጣልኩትም። ባለቤቴን ስተዋወቀው ስለ አባቴ መጀመሪያ የነገርኩት የደም ቀንን ነው።

አባዬ ዘይኑዲን ይባላል። ግቢያችን ምናለሽ ተራ ጀርባ ነው፤ ከተማው የጣለው ብረትና ጀሪካን እየተቀጠቀጠ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ሰፈር። አባዬ የሞተ የመኪና ባትሪ ይገዛል፣ ያስሰብራል፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ አቅልጦ በባዶ የሰርዲን ጣሳ ያፈስና ሲረጋ ለባትሪ ሠሪዎች መልሶ ይሸጣል። የሌላ ሰፈር ልጅ እርሳስ ሲባል የሚጽፍበት ይመጣበታል። እኛ ግቢ ግን እርሳስ ማለት ከቤታችን ግድግዳ ጀርባ፣ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ፣ ብር መስሎ የሚፈላው ነገር ነበር። ጭሱ ጉሮሮ ይከረክራል። ብናኙ መስኮታችን ላይ ይተኛል፤ በጣት ሲቀመስ ይጣፍጣል። ሙናዊርን ከዚያ መስኮት መንቀል አይቻልም ነበር። እናቴ የአባዬን ቱታ የምታጥብበት ሳፋ እኛንም የምታጥብበት ነው። ሁለታችንንም ሆድ ቁርጠት አይለቀንም፤ ወስፋት ነው እየተባለ ጥቁር አዝሙድ በማር ያስውጡናል።

የደም ቀን የመጣው በናሆም ምክንያት ነው። ናሆም የእትዬ ወለተ ማርያም የልጅ ልጅ ነው። እትዬ ወለተ ማርያም ደግሞ ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ቤት ውስጥ እርድና በርበሬ እያዘጋጁ ገበያ የሚሸጡ፣ ጣታቸው ዓመት እስከ ዓመት ቢጫ የሆነ ሴት ነበሩ። አንድ ጠዋት ናሆም ቦኖው አጠገብ ወድቆ ተንቀጠቀጠ። ሆስፒታል ወስደው ሲያስመረምሩት ደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ ሲስተር ሩሀማ የምትባል ቀጭን ነርስ ከባልደረቦቿ ጋር መጥታ ወላጆችን ግቢው መሃል ሰበሰበች። የሰፈሩን ልጆች ደም በየጊዜው እየለኩ እንደሚከታተሉ፣ መርዙ ከየት እንደሚመጣ ሲታወቅ ምንጩ እንደሚዘጋ ነገረቻቸው። ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ አባዬ እሳት አዞረ።

አባዬ ተነሣ። «ይለኩ» አለ። «ከእኔ ልጆች ይጀመር።»

እንዴት እንደኮራሁ። የግቢው ወንዶች ግማሾቹ ለእርሱ ባትሪ የሚሰብሩ ስለነበሩ ሲናገር አቀርቅረው ያዳምጡታል። ሲስተር ሩሀማም አመሰገነችው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ጀርባ ተኝቼ እናቴ ስትናገር ሰማሁ። ድምፅዋ ሁልጊዜ ዝግ ያለ ነው፤ የሚደርሰኝ እየተቆራረጠ ነበር።

«...የልጆቹን ደም ደብቀህ የት ትደርሳለህ?»

«እሳቱ ሲጠፋ የት እንደምደርስ አንቺ ንገሪኝ» አላት። «ይሄ ሁሉ ሰው ከሱ አይደል እንዴ የሚያድረው?»

«አላህን ፍራ፣ ዘይኑ።»

«ይበላሉ፣ ይሮጣሉ። ምን ሆኑ?»

ለእኔ የገባኝ እናቴ ይወጉ ስትል አባዬ እንደራራልን ነው። በእናቴ ተቀየምኩ። ለብዙ ቀን ፀጉሬን ስትሠራኝ አላናግራትም ነበር። አላህ ይርሐማትና፣ ዛሬ ያ ኩርፊያዬ ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

ከዚያ እንግዶቹ መጡ። የአባዬ ወንድም ልጆች ናቸው፣ ከስልጤ አገር። ሀፍሷ የእኔ እኩያ ናት፣ ቡርሃን ደግሞ የሙናዊር። ቅቤና ቆጮ ተሸክመው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ግቢውን በሳቅ ሞሉት። ቡርሃን ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዘሎ ይወጣል፤ ሙናዊር ከታች ሆኖ አንጋጦ ያየዋል። ሀፍሷ በአንድ ቀን ገመድ ዝላይ በለጠችኝ። የማርፍበት ምክንያት ሳይታወቀኝ ትንሽ ዘልዬ ቁጭ እላለሁ፤ ሀፍሷ አትደክምም ነበር።

በደም ቀን ጠዋት እናቴ የእኔን የትምህርት ቤት ሹራብ ለሀፍሷ አለበሰቻት። ቁልፉን እየቆለፈች፣ ፊቷን ቀና ሳታደርግ «ዛሬ አንቺ ራዲያ ነሽ» ብላ የእኔን ስም ሰጠቻት። ቡርሃንን ደግሞ ሙናዊር አለችው። ሀፍሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ጨዋታ መስሎኝ ነው። ከዚያ አባዬ እጄን ይዞ በጓሮ አወጣኝ። ስንመለስ ሀፍሷ ጣቷ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ብስኩት ትበላለች። ስለ እኔ የቆሰለችውን ጣት ሳምኩላት። የገጠር ልጅ ጀግና ናት፣ መርፌ አትፈራም ብዬ ደመደምኩ።

ሲስተር ሩሀማ በመጣች ቁጥር እንግዶቹ ይመጣሉ። ደሙ በተቀዳ ማግስት ደግሞ ገና ሳይነጋጋ መናኸሪያ ይወሰዳሉ። ይክረሙ ብዬ ቱታው ላይ ተጠምጥሜ አለቅስ ነበር። «ትምህርት አላቸው» ይለኛል አባዬ። ክረምት ላይም ትምህርት አላቸው አለኝ። በክረምት የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚከፈት ለመጠየቅ ይህን ሁሉ ዓመት ፈጀብኝ።

ውጤቱ ሲመጣ በናሆም ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከፍተኛ ሆነ። የባትሪ ሰባሪዎቹ ልጆችም ከፍ ያለ ነበር። የዘይኑዲን ልጆች ግን ንጹሕ ናቸው ተባለ። ሲስተር ሩሀማ በራችን ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጣ ግንባሯን ስታሽ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አይቻታለሁ።

«ግራ ገብቶኛል ጋሼ ዘይኑዲን» አለችው። «ከእሳቱ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚታመሙት የእርስዎ ልጆች ነበሩ።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔንም የገረመኝ ይሄው ነው» አለ አባዬ። «እሳቱ ከእነሱ መኝታ ጋር ግድግዳ ነው የሚለየው። እስቲ ልጆቹ የሚበሉትን ደግሞ እዩት።»

የማንንም ስም አልጠራም። አባዬ በሕይወቱ ሰውን በስም ወንጅሎ አያውቅም፤ ያንንም እንደ ጨዋነት እቆጥርለት ነበር። «የሚበሉትን» ብቻ አለ፤ የቀረውን ግቢው ራሱ ጨረሰው። እርድ እንዲያምር ቢጫ ቀለም ይቀላቀልበታል፣ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ አለ የሚል ወሬ መጣ። ሲስተር ሩሀማ ከእትዬ ወለተ ማርያም ቤት ናሙና ወሰደች፤ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ምንም እንዳይል ለመነች። ግቢው ግን ለመጠበቅ ትዕግሥት አልነበረውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጣ። መጀመሪያ ጎረቤት ከሳቸው መግዛት አቆመ፤ ቀጥሎ አንዱ ገበያ ወርዶ ለደንበኞቻቸው ነገረ። እኔም በራቸው ሳልፍ አፍንጫዬን መያዝ ጀመርኩ። መርዝ የሚሸት ይመስለኝ ነበር። የናሙናው ውጤት ምን እንዳለ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

እትዬ ወለተ ማርያም ናሆምን ይዘው ግቢውን ሲለቁ ዕቃቸውን ጋሪ ላይ የጫነላቸው አባዬ ነው። ገመዱን አጥብቆ ሲያስር አጠገቡ ቆሜ ነበር።

«ዘይኑ» አሉት። «ልጆችህ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው እትዬ።»

«በእውነት?»

አባዬ ገመዱን ሳብ አደረገ። «ደህና ናቸው አልኩዎት እኮ።»

«እንግዲያው እግዜር ይጠብቅልህ» አሉና እኔን ረጅም ጊዜ አዩኝ። በጤነኛነታችን የቀኑ መሰለኝና ከአባዬ ጀርባ ተሸሸግኩ። ናሆምን ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ፤ የታመመ ልጅ ምን እንደሚመስል ያውቁ ነበር። ያን ጊዜ ምን እያዩ እንደነበር አሁን ገብቶኛል።

እርዱ ከግቢው ከወጣ በኋላም በልጆቹ ደም ውስጥ ያለው እርሳስ አልቀነሰም። ሲስተር ሩሀማ አንድ ቀን ሳታሳውቅ ብቻዋን መጣች። በር ላይ ከአባዬ ጋር ተቀምጬ አገኘችኝ። እንግዶቹ በዚያን ሰሞን የሉም። አጎንብሳ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ገለጠችና አየችው። እጇ ሳሙና ሳሙና ይላል።

«ማን ትባያለሽ የኔ ቆንጆ?»

አባዬ እንዲህ ስጠየቅ ምን እንደምል ቀደም አድርጎ አስጠንቶኝ ነበር። «ሀፍሷ» አልኳት። ሳልንተባተብ ስላልኩት እንዲያሞግሰኝ ቀና ብዬ አየሁት።

«የወንድሜ ልጅ ናት፤ ከአገር መጥታ ነው» አለ።

«ደም የላትም ጋሼ። በጣም ነጥታለች። ይቺንም ልለካት? ቶሎ ነው።»

«አይሆንም» አለ አባዬ። እንዲህ በልስላሴ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «የሰው ልጅ ናት። አባቷ ሳይፈቅድ እንዴት አድርጌ ደሟን አስቀዳለሁ? አማና ናት።»

ሲስተር ሩሀማ ከጎነበሰችበት ቀና አለች። ከዚያ ፀጉሬን ዳብሳኝ ሄደች። አማና የሚለውን ቃል ቁርዓን ቤት ተምሬዋለሁ፤ ሰው አምኖ የሰጠህ፣ ሳይነካ ሳይጎድል መመለስ ያለብህ ነገር ነው። አባዬ እኔን እንደዚያ ስለጠራኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አንዲት ሴት ልታድነኝ እጇን ዘርግታ እንደነበር፣ እጇን የመለሰው ደግሞ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እንደሆነ ለማወቅ ልጅ ነበርኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክትትሉ ቆመ፤ በጀቱ አለቀ ተባለ። የደም ቀንም ቀረ፣ ጁሱም ቀረ። እኔ እየተንገዳገድኩም ቢሆን ተምሬ ወጣሁ። ሙናዊር ግን ፊደል አልገባ አለው። ዛሬ የለየውን ነገ ይረሳዋል፤ ሲቆጡት ደብተሩን ይቦጫጭቃል፣ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል። ከክፍል ክፍል መውደቅ ሲሰለቸው ተወውና ከአባዬ ጋር እሳቱ ላይ ገባ። ሰፈሩ ዘይኑዲንን በቅልጥፍናው ያውቀዋልና «እሳት አመድ ወለደ» ይሉት ነበር። ፊት ለፊቱ ነው የሚሉት። ሙናዊር ከሚስቁት ጋር አብሮ ይስቃል።

አሁን የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። ባለፈው ወር ለክትትል ስሄድ ዶክተሯ የደሜን ውጤት ሁለቴ አየችውና የት እንዳደግኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በልጅነት የገባ እርሳስ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ እንደሚቆይ፣ ሴት ስታረግዝ ደግሞ ለጽንሱ ከሚሄደው ካልሲየም ጋር ተነቅሎ ወደ ደም እንደሚወጣ አስረዳችኝ።

«ልጅ ሳለሽ ተለክተሽ ነበር?»

«አዎ» አልኳት። «ብዙ ጊዜ ተለክቻለሁ። ንጹሕ ነበርኩ።»

ይህን እንዳልኩ ጣቶቼን አየሁ። በሕይወቴ አንድም ቀን ጣቴን ተበስቼ አላውቅም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የጁሱንና የእርዱን ነገር አንድ ላይ አስቤው አላውቅም ነበር፤ አንዱ የፍቅር ታሪክ ነበር፣ ሌላው የጎረቤት። ዶክተሯ ውሃ ሰጠችኝ። ከዚያም በዚህ ሰሞን የመርካቶ ልጆች ክትትል እንደገና ሊጀመር መሆኑን፣ የዘመድ ልጆች እዚያ ካሉ እንዲለኩ እንዳደርግ ነገረችኝ። ሙናዊር ሂባ የምትባል ሴት ልጅ አለችው፤ ገና አፏን መፍታቷ ነው።

ከዚያው ወደ ግቢያችን ሄድኩ። እሳቱ ዛሬም እዚያው ነው። በራችን ላይ አዲስ ቀሚስ የለበሰች፣ ጉንጯ የቀላ የማላውቃት ሕፃን ተቀምጣ ከረሜላ ትመጥጣለች። አጠገቧ ትንሽ ፌስታል ዕቃ አለ። አልፌያት ወደ ውስጥ ገባሁ።

አባዬ ውስጥ ተቀምጦ የሙሰቢሃውን ዶቃዎች ይቆጥራል። አርጅቷል፤ ሳሉ አያናግረውም። እጁን ስሜ ተቀመጥኩ።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?»

«የቡርሃን። እኛን ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ቅዳሜ ሰዎቹ ይመጣሉ፣ እሑድ ትመለሳለች።» ሊደብቀኝ እንኳ አልሞከረም።

«ለምን አትከርምም? ለሂባ ጓደኛ ትሆናታለች።»

«እዚህ አትከርምም።»

«ለምን አባዬ?»

«አንቺ ደግሞ። የሰው ልጅ አይደለችም እንዴ? አባቷ አምኖ የሰጠኝን ልጅ ጭስ አስውጬ ልመልስለት? አማና ናት። ነገ አላህ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

«ሀፍሷንና ቡርሃንንም በማግስቱ የምትመልሳቸው ለዚህ ነበር?»

«ታዲያ ለምን ይመስልሻል?»

«እኛስ?» አልኩት።

ጥያቄው በእውነት አልገባውም። ሙሰቢሃውን አቁሞ፣ እንደ ልጅነቴ በልስላሴ አየኝ። «እናንተማ የራሴ ናችሁ» አለኝ።

ይቅርታ ቢጠይቀኝ፣ ቢዋሸኝ፣ ቢቆጣኝ ለእያንዳንዱ መልስ ይዤ ነበር የገባሁት። ይህን ግን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ያወቀው ገና ከመጀመሪያው ነው። መርዙን ለክቶ፣ የወንድሙን ልጆች ከሁለት ሌሊት በላይ እንዳይነካቸው ተጠንቅቆ፣ እኛን እዚያው አስተኝቶናል። የሰው ገንዘብ መንካት ሐራም ነው፤ የራስን ግን እንደፈለጉ ያደርጋሉ። እኛ በዚያ ሒሳብ የራሱ ነበርን። ይህንንም ሲነግረኝ ፍቅሩን የሚነግረኝ መስሎት ነው። አባቴን ጠላሁት፤ ይህን መጻፍ ከባድ ነው፣ ግን ያን ሰዓት ጠላሁት።

ሙናዊርን ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ቆርቆሮው ጀርባ ተቀምጦ ባትሪ በመጥረቢያ እየፈለጠ ነው። ሂባ ከእግሩ ሥር አፈር ትጭራለች። ሲያየኝ ደስ አለውና ተነሣ።

«ቅዳሜ ሂባን የት ልትወስዷት ነው?» አልኩት።

«አብነት። አባዬ ጁስ ሊያጠጣት ነው» አለኝ እየሳቀ። «መርፌ እንዳይወጓት ብሎ። ታውቂው የለ፣ ልጅ ሲያለቅስበት አንጀቱ አይችልም።»

እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ሙናዊር ነገር ቶሎ አይገባውም ይላሉ፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርስ ግን ገብቶት ነበር። ጎንበስ ብሎ ሂባን ከመሬት አነሳትና ጣቷን ከአፏ አወጣው።

«እኔም?» አለኝ።

«አንተም።»

 ሂባ ልትወርድ ትታገለዋለች፤ አልለቀቃትም።

«ፊደሉ እምቢ ያለኝ» አለ፣ «በዚህ ነው?»

ዶክተሯን ስለ እርሱ ጠይቄያት ነበር። በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ብላኛለች። እኔ ግን አዎ አልኩት።